ሙሽሮቹ ያልመጡበት መልስ

ስለ እንግሊዝ አገር የማውቀው በሙሉ ለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ትራንዚት ከቆየሁባቸው ስድስት ሰዓታት የተገኘ ነው። ከስድስቱ አራቱን ተኝቼ ነበር። ይህን ዛሬ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ለሚያናግረኝ ሰው ሁሉ «ለንደን ሳለሁ» ብዬ ነበር ወሬ የምጀምረው። ሰው ሲያምነኝ እኔም ቀስ በቀስ ራሴን አመንኩ።

በኤሌክትሮኒክስ በኩል ያለኝ ዝናም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም። ሄይዋርድ ውስጥ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ የሚያከፋፍል መጋዘን ነበር የምሠራው። ሥራዬ ሳጥኑን ፎርክሊፍት በሚሉት ዕቃ ማንሻ ከመኪና አውርጄ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ማጫወቻ እንዳነሳሁ እግዜር ይወቀው፤ አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ሆኖም የሐበሻ ቴሌቪዥን በተበላሸ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው። እሄዳለሁ፣ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እምቢ ካለ «ይሄ ዕድሜው አልቋል፣ አዲስ ግዙ» ብዬ የቀረበልኝን በልቼ እወጣለሁ።

እንግዲህ ጋሽ ዘውዴ የመጡብኝ ይህን ሁሉ አምነው ነው። ጋሽ ዘውዴ አዲስ አበባ ሳሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እዚህ ደግሞ ኤመሪቪል ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ። ስለዚህ ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሲያወሩ አልሰማንም። «ቢሮ ነው የምሠራው» ነው የሚሉት። ሁላችንም በዚያ በር አልፈን እናውቃለን፣ ግን ቢሮ ነው ብለን ተስማምተናል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አብራቸው የምትኖረው ትንሿ ልጃቸው ሩት ናት። ትልቋ ሶስና ለንደን ነርስ ናት፤ ከአባቷ ጋር ከተያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

አንድ እሑድ ጋሽ ዘውዴ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ሶስና ሰው አግኝታለች» አሉ። «ኤርምያስ ይባላል። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤቱን፣ የሰፈሩን ሰው፣ የንስሐ አባቱን እጠይቅ ነበር። ለንደን ማንን ልጠይቅ? ለንደንን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«እንዴታ» አልኩ።

«ምን ሠርቶ ያድራል? ይጠጣል? ትዕግሥት አለው? ሌላ አልፈልግም። ኮል አድርግለትና በዘዴ አውጣጣው። እየጠየቅከው እንደሆነ ግን እንዳይነቃብህ።»

ዘዴ ካሉኝ ዘዴ አላጣም። የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩና የሶስና አባት ወዳጅ መሆኔን፣ የእንግሊዝ አገር ወቅታዊ ጉዳይ በጣም እንደሚያሳስበኝ ነገርኩት። አንደኛ ስለ አክሲዮን ጠየቅሁት፤ ቆጣቢ ነው ወይስ አባካኝ የሚለው ይወጣል ብዬ ነው። ሁለተኛ ስለ ፖለቲካቸው፤ ግልፍተኛ መሆኑ ከዚያ ይታወቃል። ሦስተኛ ስለ ሲኒማ፤ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ ለመስማት። አራተኛ ስለ አዳዲስ ዕቃዎች፣ ስለ ኪስ ስልክና ሊመጣ ነው ስለሚባለው ዲጂታል ቴሌቪዥን፤ ገንዘቡን በምን እንደሚያጠፋ ለማወቅ። እንዲህ ዓይነት ወጥመድ ያጠመደ ሽማግሌ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ ልጁ ለሁሉም በትሕትናና በዝርዝር መለሰ። ስለ እንግሊዝ ብዙ ተማርኩ፣ ስለ ኤርምያስ ምንም። ካርዱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ደንግጬ «ለመሆኑ የት ነው የምትሠራው?» አልኩት።

«ኢንቨስትመንት ቤት ነው» አለኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ለአገሩ ጉዳይ እንዲህ ፍቅር ካለዎት ከቴሌቪዥን እቀዳልዎታለሁ» ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ለጋሽ ዘውዴ የሰማሁትን ብቻ ብነግራቸው ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። ግን ሰው አምኖ ልኮኝ «ኢንቨስትመንት ቤት ነው አለ» ብሎ መመለስ አነሰብኝ። «የኢንቨስትመንት ሰው ነው» አልኳቸው። ይጠጣል ወይ ሲሉኝ «በዚያ ኃላፊነት ላይ ሆኖ መጠጫ ጊዜ ከየት ያገኛል?» አልኩ። ኃላፊነቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው ኦክላንድን ዞሮ ወደ እኔው ሲመለስ ኤርምያስ የራሱ ባንክ ነበረው። እኔም ስሰማው ገረመኝ።

ሰርጉ ለንደን ተደገሰ። ጋሽ ዘውዴ ግን መሄድ አልቻሉም፤ የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና አላለቀም፣ ከወጡ መመለሻ የለም። የሰርጉ ዕለት እንደ ወትሮው ሥራ ገቡ። በማግስቱ ሊጠይቋቸው የመጡትን ሰዎች ሰብስበው «መልስ ሳላበላ ልጄን ዳርኩ አልልም» አሉ። መልስ እንደምታውቁት ሙሽሮቹ ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ ተመልሰው የሚጋበዙበት ድግስ ነው። ሙሽሮቹ በሌሉበት እንዴት ይሆናል ሲባሉ ሁሉንም አስበውበት ነበር። የሰርጉ ቪዲዮ ይላካል። ሶስና ቴሌቪዥኑ ላይ ስትወጣ አባቷ ተነስተው ይመርቋታል፣ እንግዳው አሜን ይላል፣ ከዚያ ይበላል። የቪዲዮው ነገር ለእኔ ተሰጠ።

ከለንደን የመጣው ፖስታ ውስጥ ሁለት ካሴት ነበር። በአንዱ ማቀፊያ ላይ «ለአባባ፣ ሰርግ»፣ በሌላው ላይ «ለጋሼ፣ የእንግሊዝ ጉዳይ» የሚል ተጽፏል። ልጁ ቃሉን አክብሮ ቀድቶልኛል ማለት ነው። ሰርጉን ቤቴ ካለው ማጫወቻ ውስጥ ብከተው ጥቁርና ነጭ መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አወጣሁና ሌላውን ከተትኩ፤ ያው መስመር። ሶኬቱን ነቅዬ አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። መልሼ ሰክቼ ሁለቱንም ደጋግሜ ሞከርኩ። የማጫወቻውን ውስጥ በአልኮል ጠረግሁ፣ ካሴቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ እፍ አልኩባቸው። ሁለት ሰዓት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ወደ ማቀፊያቸው መለስኳቸውና መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፊሊፒናዊ ጓደኛዬን ብጠይቀው ሳቀብኝ። የእንግሊዝ ካሴት በአሜሪካ ማጫወቻ አይሠራም አለኝ፤ አቀዳዳቸው ለየብቻ ነው፣ ወደዚህ አገሩ ማስገልበጥ አለብህ። ስድስት ዓመት ያን ሳጥን ሳነሳ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሳን ሆዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት የሚገለብጡ አንድ የሕንድ ቪዲዮ ቤት ባለቤት አሉ ተባለ። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። መልሱ ቅዳሜ ነው። ሰውየው በስተኋላቸው እስከ ጣሪያው የተደረደረውን አሳዩኝ፤ ሁሉም የሕንድ ሰርግ ነው።

«የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ያለኝ ደግሞ አንድ ማሽን ነው» አሉኝ። «ለቅዳሜ አንዱን ብቻ ላድርስልህ። ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት።»

«ሰርጉን» አልኩና አቀበልኳቸው።

«ትክክለኛው መሆኑን እዚህ ቼክ ልናደርገው እንችላለን። አንድ ደቂቃ ነው።»

ፍሪዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና በመኪና የሚዘጋበት ሰዓት እየደረሰ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቸኮለኝ መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ እኔን የሚያህል ዐዋቂ መጠርጠሬ ቅር ብሎኛል። «ጽሑፉ ይኸው» ብዬ የማቀፊያውን አማርኛ በጣቴ አሳየኋቸው። ሰውየው ማንበብ የማይችሉትን ጽሑፍ በአክብሮት ተመልክተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ ጋሽ ዘውዴ አፓርታማ ውስጥ ወደ አርባ ሰው ተሰበሰበ። ወንበር ከየቤቱ መጥቷል። ትልቅ ቴሌቪዥን ከአንድ የወደብ ሹፌር ተውሰን ሙሽሮቹ ቢኖሩ በሚቀመጡበት ቦታ አኖርነው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው እማማ ለተብርሃን «እንዲህ ራቁቱን አይሆንም» ብለው አናቱ ላይ ነጠላ ጣል አደረጉበት። እማማ ለተብርሃን አሥመሬ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ነግደዋል፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእሳቸው ቃል የሚወጣ የለም። ጋሽ ዘውዴ የዳይሬክተርነት ዘመናቸውን ሱፍ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሱፉ ሰፍቷቸዋል። ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ተሸፍኖ ይጠብቃል፤ ሶስና ሳትመረቅ የሚነካው የለም። ብዙዎቹ ለመልሱ ብለው ምሳ ሳይበሉ እንደመጡ በኋላ ነው የሰማሁት።

ጠዋት ከሳን ሆዜ ያመጣሁትን ግልባጭ ከተትኩ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣና እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ክራባት ያሰረ እንግሊዛዊ ከብዙ ቁጥር ፊት ቆሞ ይናገራል። ቁጥሮቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

«ይሄ ማነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ማቀፊያ የሌላቸው ሁለት ካሴቶች ታዩኝ። እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ነገር ግን አርባ ሰው እያየኝ ነው።

«የሙሽራው መሥሪያ ቤት ነው» አልኩ። «እንግሊዞች ከሥራው ነው የሚጀምሩት።»

ሰዉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔም አጨበጨብኩ።

ቀጥሎ በረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች መጡ። አንዱ ተነስቶ ይናገራል፣ የወዲያኞቹ ይጮኹበታል።

«እነዚህስ?» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

«ሽማግሌዎች ናቸው። በግራ የሙሽራው ወገን፣ በቀኝ የሶስና።»

ጋሽ ዘውዴ ወደፊት ዘንበል ብለው ተመለከቱ። «ከየት አገኘችው ይህን ሁሉ ወገን?» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ይከራከሩላታል።» እንደዚያ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም መሬቱ ቢከፈትና ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

ሩት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አማርኛውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ዳዲ፣ ዲስ ኢዝ ኖት ዘ ዌዲንግ» አለች። «ዲስ ኢዝ ላይክ ዘ ኒውስ። ዳት ኢዝ ዘ ገቨርንመንት።»

አርባው ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ትንሽ አሳልፈው፣ ሰርጉ ወደፊት ይሆናል» አለ የቴሌቪዥኑ ባለቤት። ሪሞቱን ይዤ በፍጥነት ማሳለፍ ጀመርኩ። ስለ ፊልም የሚጨቃጨቁ ሁለት ሰዎች አለፉ። አንዲት ሴት የኪስ ስልክ እያገላበጠች አለፈች። እንደገና ቁጥሮቹ፣ እንደገና ወንበሮቹ። ሰርግ የለም። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

«ካሴቶቹን ያለዋወጥኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «ቤት ስሞክራቸው በተሳሳተ ማቀፊያ ውስጥ መለስኳቸው።»

ጋሽ ዘውዴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ያለችበት የት ነው?» አሉኝ።

«ቤቴ ነው ያለው።»

«ልጅ እንላክና ይምጣ።»

«ቢመጣም እዚህ አገር አይሠራም፣ ጋሽ ዘውዴ። ገና አልተገለበጠም።»

«እንዲያ ነው» ብለው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።

እማማ ለተብርሃን ሪሞቱን ከእጄ ቀሙኝ። «አምጣ ወዲህ፣ እናጥፋውና ሰዉ ይብላ» ብለው አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። የተጫኑት የማጥፊያውን አልነበረም። ካሴቱ ሩጫውን አቁሞ በወጉ መጫወት ጀመረ። አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ታየች። አንድ ወጣት ሽርጥ አድርጎ ምድጃው አጠገብ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ካሴቱ ላይ ትንሽ ቦታ ስለተረፈ ነው» አለ በአማርኛ። የሰርጉን ካሜራ ከጓደኛው ተውሶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ይመስለኛል። «ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት ሶሲ ተኝታ ነው። ሌሊቱን ሥራ አድራ ነው የገባችው። ያን ቀን ሲደውሉልኝ ስለ አክሲዮን እንዳልነበረ ገብቶኛል። ደግ አደረጉ፣ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። አክሲዮን የለኝም፣ ጋሼ። ቢራ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ እጠጣለሁ። ኢንቨስትመንት ቤት ነው የምሠራው ያልኩትም ውሸት አይደለም፤ ግን በሩ ላይ ነው የምቆመው። ጥበቃ ነኝ። እሱን ልጨምር ስል ስልኩ ተቋረጠ።»

እኔ ወደ ሪሞቱ ተንደረደርኩ። እማማ ለተብርሃን ከጀርባቸው ደበቁት።

«ተወው፣ ይናገር» አሉ።

«አሁን አባባ ባንክ አለው እያሉ እንደሚያወሩ ሶሲ ነገረችኝ። ማን እንዳላቸው አላውቅም» አለ ኤርምያስ ድስቱን እያማሰለ። ማን እንዳላቸው የሚያውቁ ወደ አርባ ሰዎች ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። «ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቼ አፍሬ ዘጋሁት። የተማሩ ሰው ናቸው፣ ቢሮ ነው የሚሠሩት። እባክዎን እርስዎ በደህና ቀን፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ይንገሩልኝ።»

ወዲያው በሩ ተከፈተና ሶስና ገባች። ፀጉሯ በሻሽ ታስሯል፣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ ዓይኗ ግማሹ አልተገለጠም።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከጋሼ ጋር።»

«የቱ ጋሼ?» ብላ መልሱን ሳትጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ኤርምያስ ሳህኗን ፊቷ አስቀመጠላት። አንድ ጊዜ ጎረሰችና «ጨው አንሶታል» አለች። ጨዉን አመጣላት። ሁለተኛ ጎርሳ «አሁን ደግሞ በዛ» አለች። ሳህኑን አነሳና ከድስቱ ጨምሮበት አደባልቆ መለሰላት። እሷ ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋ በላች። እሱ ቆሞ ያያታል። እዚያ ላይ ካሴቱ አለቀ።

ጋሽ ዘውዴ ተነሱ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ ወደኋላ አልኩ። እሳቸው ግን የሱፋቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«በር ላይ ነው የሚቆመው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ ዘውዴ። ልጁ አልዋሸዎትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እኔም በር ላይ ነኝ» አሉ። «ኤመሪቪል፣ መኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። ትኬት ነው የምቆርጠው።»

ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከአፋቸው ስንሰማው ግን የመጀመሪያችን ነው። ሩት ተነስታ ክንዳቸውን ያዘች። «ዳዲ፣ ዊ ኖው» አለች።

«ልጄ የተቀመጠችበት ላይ መልስልኝ» አሉኝ። እማማ ለተብርሃን ሪሞቱን ሰጡኝ። ወደኋላ መልሼ ሶስና የመጀመሪያውን ስትጎርስ አቆምኩት። የቆመ ምስል ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ሶስናም በሻሿ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ዘውዴ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። «ጨው ሲያንስሽ የሚያመጣልሽ አይጥፋ» አሉ። አሜን አልን። ኤርምያስንም በስሙ ጠርተው መረቁት፣ አሜን አልን። ምርቃቱ ረዘመ፣ ረሃቡ ጸና፣ አሜናችንም እየጠነከረ ሄደ። ከዚያ ምግቡ ተገለጠ። የሚያጎርሰኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ትንሽ ጊዜ ፈጀ፤ በመጨረሻ እማማ ለተብርሃን ራሳቸው አጎረሱኝ፣ ጉርሻው ግን አፌን ለመዝጋት የታሰበ ይመስል ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳን ሆዜ ተመልሼ ሰርጉን አስገለበጥኩ። ሕንዳዊው ሰው ሳይጠይቁኝ እኔው «ቼክ እናድርገው» አልኩ። ሶስና በነጭ ቀሚስ፣ ሚዜው፣ ኬኩ፣ ሁሉም አለ። ጋሽ ዘውዴ በወጉ ተቀምጠው አንድ ጊዜ አዩት፣ «ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ለእማማ ለተብርሃን አዋሱ። መልሱልኝ ብለው አያውቁም።

ያን ቀን እሳቸው ዘንድ የቀረውን የእኔን ካሴት ግን፣ የእንግሊዝን ጉዳይ፣ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም በተገናኘን ቁጥር «ቆየኝ፣ ገና አልጨረስኩትም» ይሉኛል።